የበያጅ አመል

አግዳሚ ወንበሩ ይወዛወዝ ነበር። ጎንበስ ብዬ አንደኛው እግሩ ከመቀመጫው ጋር የተያያዘበትን ቦታ አየሁት። ማን እንደበየደው አላውቅም፤ ብየዳው ግን ላዩ ላይ የተለጠፈ ማስቲካ ነው የሚመስለው። ሰው ዓይኑን ሊታከም መጥቶ ወገቡን ተሰብሮ የሚሄድበት ወንበር! በእግሬ ገፋ ሳደርገው ሲጢጥ አለ።

«ተው አንተ ሰውዬ፣» አለች ባለቤቴ። «ተቀመጥ።»

«ተቀምጬ ነበር እኮ።»

«መቼ?»

እውነቷን ነው። ከመጣን ጀምሮ እግሬ አላርፍ ብሎኛል። ተነስቼ እስከ መስኮቱ እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ፣ የተዘጋውን በር አያለሁ፣ እንደገና ወደ መስኮቱ። ተራ የሚጠብቁት ሰዎች በሄድኩ በመጣሁ ቁጥር እግራቸውን እየሰበሰቡ ያሳልፉኛል። አንድ ሽማግሌ በመጨረሻ ሰለቻቸውና «ልጄ፣ ወይ ሂድ ወይ ተቀመጥ» አሉኝ። ጠዋት ጠብታ ያደረገችልኝ ሲስተር «አባባ፣ ቀና ይበሉልኝ» ብላ አናዳኝ ስለነበር፣ «ልጄ» መባሌ ደስ አሰኘኝና ለትንሽ ጊዜ ተቀመጥኩላቸው።

እኔ በያጅ ነኝ። የግቢ በር፣ የመስኮት ፍርግርግ፣ የደረጃ መደገፊያ እሠራለሁ። ሥራዬ መቆም፣ መንበርከክ፣ መሰላል ላይ መንጠልጠል ነው፤ እጅ አጣጥፎ መጠበቅ አላደገብኝም። ረዳት ሲጠፋ ብረቱን የምትይዝልኝ ባለቤቴ ናት። የፊት መከለያ ማስኩን ግንባሬ ላይ ሰቅዬ የመበየጃ ዘንጉን፣ ኤሌክትሮዱን፣ ከቦታው አደርሳለሁ፤ «ዓይንሽን!» ብዬ እጮሃለሁ፤ እሷ ጨፍና ፊቷን ታዞራለች። ከዚያ ራሴን አንዴ ወደ ታች ነቅነቅ አደርግና ማስኩ ፊቴ ላይ ይወድቃል፤ እሳቱን እለኩሳለሁ። እጄ ስለሚያዝ ነው በራሴ የምነቀንቀው። እኔ ብቻ ሳልሆን የሙያው ሰው ሁሉ እንደዚሁ ነው። ብዙ ዓመት እንዲህ ስንኖር ባለቤቴን አንድም ቀን እሳቱ ዓይኗን መትቷት አያውቅም፤ የምኮራበት ነገር ቢኖር ይህ ነው።

የኔ ዓይን ነገር የታወቀው በአንድ በር ምክንያት ነው። ለአንድ አስተማሪ የግቢ በር ሠርቼ ገጠምኩለት። ሰውዬው ራቅ ብሎ ቆሞ አየና «የግራው ዝቅ ብሏል» አለኝ።

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ቀጥ ያለ ነው፣» አልኩት።

ቤት ገብቶ የራሱን ውኃ ልክ አምጥቶ በሩ ላይ አስቀመጠው። ዝቅ ብሏል። በመጀመሪያ በብረቱ አሳበብኩ፣ ቀጥሎ በሜትሩ፣ ከዚያ በግድግዳው። ቤት ስገባ ደግሞ ነገሩ ሁሉ በባለቤቴ ላይ ዞረ። እሷ ግን አልተጣላችኝም። እስክጨርስ ሰማችኝና «ነገ ዓይንህን ትታያለህ» አለች። «ምን ይመስልሃል» ወይም «ብትታይስ» አላለችም፤ ትታያለህ።

ለካ እሷ ከኔ ቀድማ አውቃለች። ስንሄድ ሁልጊዜ በቀኜ የነበረች ሴት ከጊዜ ወዲህ በግራዬ መሄድ አምጥታ ነበር። እየተጋጨሁባት «ምን ሆነሽ ነው እግሬ ሥር የምትገቢው?» እላታለሁ። እሷ መልሱን ትታ «መውረጃ አለ» ትለኛለች። «አይቻለሁ!» እላታለሁ። አንዳንዴ እውነትም አይቼዋለሁ።

ዶክተሯ ቀጭን፣ ድምፀ ዝግ ሴት ናት። መጀመሪያ ቀን ስትመረምረኝ የሚያስፈራ ነገር ስትናገር እንኳ ድምጿን አልለወጠችም። የግራ ዓይኔ ዳር ዳሩ ሄዷል፤ የሄደው አይመለስም። የቀኙም ጀምሮታል።

«የብየዳው እሳት ነው?» አልኳት። እሳቱ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ እሳቱን አውቀዋለሁ።

«አይደለም። ዓይንዎ ውስጥ ያለው ግፊት ከፍ ብሏል። አያምም፣ አይቀላም፤ ዝም ብሎ ነው የሚወስደው። ከቤተሰብ ዓይኑን ያጣ ሰው አለ?»

አባቴ በስተርጅናው ግድግዳ እየዳበሰ ነበር የሚሄደው። እኛ እርጅና ነው ብለን ነበር። ውኃ ሲጠይቅ ብርጭቆውን ጣቱ ላይ እናስነካዋለን፤ እሱ ደግሞ እንዳየ ሰው «አመሰግናለሁ፣ አይቼዋለሁ» ይለናል። ይህን ለዶክተሯ ስነግራት ሳልጨርሰው ተውኩት። ባለቤቴ ጣሪያውን ታይ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ጠዋትና ማታ ጠብታ ነው። የግራውን ጠብታው ያዘው። ቀኙን ግን አልያዘውም፤ ግፊቱ እዚያው ተሰቅሎ ቀረ። «ሌዘር እንሞክር፣» አለች ዶክተሯ። «እሱ ካልሆነልን ቀዶ ሕክምና ነው።» «ዓይኔን» የሚለውን የዕድሜ ልክ መሐላዬን ባለቤቴ ከቤት ያገደችው የዚያን ዕለት ነው። በሩ ነገ ይደርሳል ስል፣ ቀለሙ ሁለቴ ተቀብቷል ስል፣ ዓይኔን ግንባር ያድርገው ስል ነው የኖርኩት፤ ግማሹም እውነት አልነበረም። በዚህ ነገር የሚቀልዱብኝ ደንበኞች አሉ። እኔ ግን አልጋዬ ላይ ተገላብጬ ሳስበው አልሳቅኩም። ቀኙ ከሄደ በሩም፣ ፍርግርጉም፣ ሁሉም ነገር አበቃ፤ እኔም ግድግዳ ዳባሽ ነኝ።

በሩ ተከፈተና ሲስተሯ «አባባ፣ ይግቡ» አለች። ባለቤቴ አብራኝ ልትነሳ ስትል «ምን ልትሠሪ? ጠብቂኝ» አልኳትና ብቻዬን ገባሁ።

ክፍሉ ጠባብና ጨለም ያለ ነው። ጠረጴዛው ላይ ማሽኑ፣ ከማሽኑ ፊት አገጭ ማስቀመጫው፣ ከሱ በላይ ለግንባር የሚሆን ጠፍር። ዶክተሯ ማዶ ተቀምጣለች።

«አገጭዎን እዚህ፣ ግንባርዎን ከዚህ ጋር ያጣብቁ። እጀታዎቹን ይያዙ። ዓይንዎ ላይ ትንሽ መስታወት አስቀምጣለሁ፤ እሱ እንዳይጨፍኑ ይይዝልዎታል። ብልጭ ብልጭ ይላል፣ አያምም። ከእርስዎ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አይነቃነቁ።»

«እሺ፣» አልኩ። ሰው ምን ያህል ጅል ቢሆን ነው ይህን የሚያቅተው አልኩ በልቤ።

መስታወቱ ቀዝቃዛና ዝልግልግ ነገር ተቀብቶ ዓይኔ ላይ ተለጠፈ። ዓይኔ በጠብታው ደንዝዟል፤ ግን ዓይን ላይ ዕቃ መቀመጡን ሰውነቴ ያውቀዋል።

«ልጀምር ነው። ዝግጁ ነዎት?»

ራሴን ነቀነቅኩ። መስታወቱ ተንሸራተተ፤ ዝልግልጉ በጉንጬ ወርዶ ኮሌታዬ ውስጥ ገባ።

«በቃል ይመልሱልኝ፣» አለች ዶክተሯ፤ «በራስዎ አይደለም።»

ሲስተሯ ጠረገችኝ፤ መስታወቱ ተመለሰ። «ልጀምር ነው» ስትል በአፌ «አዎ» አልኩ፤ ራሴ ግን የአፌን መልስ ሳይጠብቅ ወረደ። ሦስተኛ ጊዜ ዶክተሯ ምንም ሳትል ጀመረች። ማሽኑ ጠቅ አለ፣ አረንጓዴ ብርሃን ብልጭ አለ፣ እኔም ልክ እንደታዘዘ ሰው ግንባሬን ይዤ ወደ ጠረጴዛው ወረድኩ። ሲስተሯ ማሰሪያ አምጥታ ጭንቅላቴን ከኋላ ጠፈረችኝ። ከማሰሪያው ሥር ሾልኬ ነቀነቅኩ።

ፊቴ ጋለ። ሕፃን ልጅ የሚችለውን ነገር መቻል አቃተኝ። እጀታው በላቤ ይንሸራተታል። ተነስቼ መሄድ አማረኝ፤ የምሄድበትን እንኳ አላውቅም፣ ብቻ መሄድ።

ዶክተሯ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ መብራቱን አበራች። «የሚያስፈራዎት ነገር አለ?»

«ምንም አልፈራም።»

«እሺ። ታዲያ ራስዎ ለምንድን ነው የሚወርደው?»

ያኔ ነው የገባኝ። እንዲህ ቅርብ የሆነ ነገር እስካሁን አለማየቴ ገረመኝ። «ማስኩ ነው፣» አልኳት። አስረዳኋት፤ እሳት ከመምጣቱ በፊት አንዴ ነቅነቅ ማድረግ ነው፣ ከልጅነቴ ጀምሮ፣ በቀን የትየለሌ ጊዜ። አእምሮዬ አይደለም የሚያደርገው፣ አንገቴ ነው።

ትስቅብኛለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም። «እንግዲህ ራስዎ እስከ ዛሬ ሲጠብቅዎት ኖሯል ማለት ነው፣» አለች። «መጥፎ አመል አይደለም። ዛሬ ግን እኔን ሥራ አላሠራኝም።» ሰዓቷን አየች። «ደክመዋል። ሌላ ቀን ብንቀጥርስ?»

ሌላ ቀን። ራሴን አውቀዋለሁ፤ በዚህ በር ከወጣሁ አልመለስም። የሚደርስ በር አይጠፋም፣ የሚቸኩል ደንበኛ አይጠፋም። ከዚያ አንድ ቀን ጣቴ ላይ ብርጭቆ ያስነኩኛል።

«ሌላ ቀን ከተባለ አልመጣም፣» አልኳት። እንዲህ ያለ እውነት ለሰው ተናግሬ አላውቅም።

ዶክተሯ ወንበሯን ወደ ማሽኑ መለሰች። ሲስተሯ «ከኋላ ሆኜ ጭንቅላትዎን ልይዝልዎት እችላለሁ» አለች። ልጅቷ ቀጫጫ ናት፤ የኔን አንገት የምታቆመው አልመሰለኝም። ደግሞም የማላውቀው ሰው ጭንቅላቴን ሲይዘው ዝም የምል ሰው አይደለሁም፤ ፀጉር ቆራጬ ጭምር ያውቀዋል።

«ባለቤቴን ጥሪልኝ፣» አልኩ።

ባለቤቴ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ታቅፋ ገባች። ፊቴ ላይ የደረቀውን ዝልግልግ አየች፣ ማሰሪያውን አየች፣ ምን ሆነህ ነው አላለችም። ዶክተሯ በሁለት ዓረፍተ ነገር ነገረቻት። ቦርሳዋን ለሲስተሯ ሰጠች፤ ሲስተሯ ደግሞ ብርቱካናማ መነጽር ሰጠቻት። ከኋላዬ ቆማ ሁለት መዳፎቿን ጆሮ ግንዴ ላይ አደረገችና ግንባሬን ከጠፍሩ ጋር አጣበቀችው። እጆቿ ቀዝቃዛና ጠንካራ ናቸው። ስንት ዓመት ብረት የያዙልኝ እጆች ናቸው፤ ብረት ሲይዙ አይንቀጠቀጡም።

መስታወቱ ተመለሰ። መብራቱ ጠፋ።

«ልጀምር ነው፣» አለች ዶክተሯ።

አንገቴ ሊወርድ ሞከረ፤ እጆቿ ከለከሉት። ደስ ሊለኝ ሲል አፌ ተከፈተና ክፍሉን የሚያናጋ ድምፅ ወጣኝ። «ዓይንሽን!»

አገጬ ከማስቀመጫው ወረደ፣ መስታወቱ ተነቀለ፣ ሲስተሯ የባለቤቴን ቦርሳ ጣለችው። ዶክተሯ ሁለት እጇን አየር ላይ እንዳነሳች ቀረች።

«ማንን ነው?» አለች ሲስተሯ።

«እኔን ነው፣» አለች ባለቤቴ።

«መነጽር አድርገዋል እኮ፤ ምንም አይሆኑም፣» አለች ዶክተሯ።

አውቃለሁ። መነጽሩን ሲሰጧት አይቻለሁ። ግን ከኋላዬ ቆማ፣ እሳት ሊመጣ ሲል፣ ምን ብዬ ዝም እላለሁ? አፍሬ መሬቱን አየሁ። ከዚያ ሆድ ባሰኝ፤ በዚህ ዕድሜዬ፣ ሰው ፊት። ዓይኔ ከዝልግልጉም ሌላ እርጥበት ነበረው፤ ሲስተሯ ሁሉንም አንድ ላይ ጠረገችልኝ።

ባለቤቴ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለች። «ስማኝ። አንተ አትናገር። ገና ሳይጀመር እኔው እጨፍናለሁ።»

«በምን አውቃለሁ?»

«ጨፍኛለሁ እልሃለኋ።»

«እውነት?»

«እውነት። አሁን አገጭህን አስቀምጥ።»

አስቀመጥኩ። ቅዝቃዜው ዓይኔ ላይ ተመለሰ። እጆቿ ከበፊቱ ጠበቅ አሉ።

«ልጀምር ነው፣» አለች ዶክተሯ።

«ጨፍኛለሁ፣» አለች ባለቤቴ።

ጠቅ። አረንጓዴ። አንገቴ በእጆቿ ውስጥ ተንደፋደፈና ቆመ። አፌ ግን ዝም አለ፤ የሚለው አልነበረውም፣ ተብሎለታል።

«ጨፍኛለሁ።» ጠቅ። «ጨፍኛለሁ።» ጠቅ። ዶክተሯ እሷን መጠበቅ ጀመረች፤ ባለቤቴ ካላለች አትተኩስም። ኋላ ላይ ሁለቱ ተግባቡና በአንድ «ጨፍኛለሁ» አራት አምስት ጊዜ ጠቅ ጠቅ ይል ጀመር። አያምምም፤ በጣም ትንሽ ሰው ከውስጥ በጥፍሩ የሚያንኳኳ ይመስላል። መስታወቱ ዞር ይላል፣ ብርሃኑ ይከተለዋል። ከሰውነቴ ነፃ የቀረው እግሬ ብቻ ስለነበር መቁነጥነጡ ሁሉ ወደ እግሬ ወርዶ ጫማዬ መሬቱን ይደበድበዋል። ግራ እጄ መቼ እጀታውን እንደለቀቀ አላውቅም፤ ሳስተውል የባለቤቴን ቀሚስ ጨብጬ ይዣለሁ። አልለቀቅኩም። ይህ ዓይን ካልዳነ፣ ካልዳነ፣ ካልዳነ፤ ሌላ ሐሳብ አልመጣልኝም።

«ጨርሰናል፣» አለች ዶክተሯ።

አላመንኳትም። ባለቤቴም ያላመነች ይመስል እጆቿን ወዲያው አላነሳችም።

ያንኑ የሚወዛወዝ ወንበር ላይ ቁጭ ብለን ጠበቅን፤ ግፊቱ እንደገና መለካት አለበት። ዓለም ጭጋግ ለብሳለች። ሽማግሌው ተራቸው ደርሶ ገብተዋል፤ ባይኖሩም ስለሳቸው ብዬ ሦስት ጊዜ ብቻ ነው እስከ መስኮቱ የሄድኩት። ባለቤቴ የተጨማደደውን ቀሚሷን በእጇ ስትጠርግ አየሁና ሌላ ሌላውን አየሁ።

ዶክተሯ ለካችኝ። «አልጨመረም፤ እንዲያውም ትንሽ ወርዷል። የሌዘሩን ውጤት በትክክል የምናውቀው ግን ከሳምንታት በኋላ ነው። እስከዚያ ጠብታውን እንዳያቋርጡ።»

«ካልሠራስ?»

«ያኔ እንነጋገራለን።»

«የግራውስ?» መልሱን እያወቅኩ ጠየቅኩ።

«የግራው እንዳለ ነው፣» አለች በዚያው ዝግ ድምጿ። «የቀረውን ነው የምንጠብቀው።»

ስንወጣ ሲስተሯን «በቀጠሮዬ ስመጣ ማሽኔን ይዤ መጥቼ ይህን ወንበር እበይድላችኋለሁ» አልኳት። ሳቀች፤ ያላመነችኝ መሰለኝ። «ዓይኔን» ብዬ ስጀምር ባለቤቴ ጉሮሮዋን ጠረገች። «እመጣለሁ አልኩሽ እንግዲህ፣» ብዬ ጨረስኩት።

ውጭው ፀሐይ ነው። ቀኜ ከጠብታውና ከዝልግልጉ ገና አልጠራም፣ ግራዬ ደግሞ የሚያየውን ያህል ነው የሚያየው። መኪናው ጥላ ነው፣ ሰዉ ጥላ ነው። ባለቤቴ በግራዬ በኩል ዞራ መጥታ ክንዴን ያዘች። እግሬ አሁንም ይቸኩላል፤ እሷ ወደ ኋላ ትይዘኛለች።

«ጨፍነሽ ነበር?» አልኳት ጥቂት ከሄድን በኋላ።

«ስንቱን?»

«ሁሉንም።»

«አንዱንም አልጨፈንኩም።»

ቆምኩ። ከኋላችን የሚመጣ ሰው እየተነጫነጨ በጎን አለፈን። «እውነት ብለሽኛል እኮ።»

«ብዬሃለሁ። ባልልህ ዝም ትል ነበር?»

«ብርሃኑ ቢያገኝሽስ?»

«መነጽሩን አድርጌ ነበር። ከኋላህ ሆኜ የምይዘው ጭንቅላትህን ነው። ጨፍኜ እንዴት ልይዝህ?» ድምጿ ትንሽ ሻከረና እንደገና ተስተካከለ። «ደግሞ ብረት ስትበይድ አንድም ቀን አሳይተኸኝ አታውቅም። ዛሬ አየሁ።»

«ምን አየሽ?»

«እንዴት እንደፈራህ።»

ልቆጣ ፈልጌ ነበር። እንደገና መሄድ ጀመርን፤ እኔም ቀስ አልኩ።

የእግረኛው መንገድ አልቆ ወደ አስፋልቱ የሚወርድበት ቦታ ስንደርስ ክንዴን ጠበቅ አደረገችው። «መውረጃ አለ፣» አለችኝ።

ወደ ታች አየሁ። ግራጫ ነው፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ግራጫ ነው። ያቺ የለመድኳት ቃል ምላሴ ላይ ደርሳ ነበር።

«አላየሁትም፣» አልኳት።

አንድ እርምጃ ቀድማኝ ወረደችና እኔን ለመቀበል ዞረች።